ዘሩና መደቡ፦ ከደንቢያ ወረርሽኝ እስከ ላቦራቶሪ የበቀለ ኩላሊት



ዛሬ የምናገረው ከግንድ ሕዋስ ተነሥቶ በላቦራቶሪ ስለሚበቅል ጥቃቅን የኩላሊት ኅብረ ሕዋስ ታሪክ ነው። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ የሜልበርንና የቦስተን ጉዳይ ነው፤ ለጎንደር ምን ይፈይዳል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ንግግሬም በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ይሁን እንጂ መልሱን ከሜልበርን አልጀምረውም። የምጀምረው ከዚህ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከኮላ ድባ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

ደንቢያ በ1953

ኮላ ድባ የደንቢያ ከተማ ናት። ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተዘረጋው የደንቢያ ሜዳ በጤፉ፣ በሽንብራው፣ በኑጉና በበርበሬው የታወቀ፣ ክረምት ሲገባ ግን ውኃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው። ዝናቡ አባርቶ ውኃው በየጎድጓዳው ሲቀር ትንኝ ይራባል። ስለዚህ አዝመራው የሚያሸትበት ወቅት ንዳድ የሚነሣበትም ወቅት ሆኖ ኖሯል። በ1953 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በዚህ ሜዳ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ ፈጀ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1958፣ ወባ በሰፊው የአገሪቱ ክፍል እስከ ደጋው ጫፍ ድረስ ተዛምቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ የዘመኑ ባለሙያዎች ገምተዋል።

ወባ ሰውን የሚገድልበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዱን አንጎሉን ይመታዋል፤ ሌላውን ደሙን ያሟጥጥበታል፤ ሌላውን ደግሞ ኩላሊቱን ያቆምበታል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዝርያ የገባባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት በጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እየተጣበቁ የደሙን መተላለፊያ ያጠባሉ። የፈረሱት ሕዋሳት የለቀቁት ሄሞግሎቢን ወደ ኩላሊት ቱቦዎች ወርዶ ይደፍናቸዋል። ትኩሳቱና ትውከቱ ደግሞ የሰውነትን ውኃ ይጨርሰዋል። የሕመምተኛው ሽንት ይጠቁራል፤ ከዚያም ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ይቆማል። በአልጋው ዙሪያ ለሚያለቅሰው ቤተሰብ ግን የበሽታው ስም አንድ ነበር፤ ንዳድ።

ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ዓይነት ድንገት የቆመ ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ የሞተ ኩላሊት አይደለም። ለጥቂት ቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ሌላ ነገር በእርሱ ፋንታ ደሙን ቢያጣራለት፣ ራሱን አድሶ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። በ1953 በደንቢያ የጎደለው ያ ሌላ ነገር ነበር።

ወረርሽኙ ከሞት ሌላ የተወው ነገርም አለ። በ1954 የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የፖይንት ፎር ድጋፍ ተቋቋመ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ እርሱ ነው። ጎንደር እንድትመረጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የደንቢያው እልቂት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር፤ ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች እየወጡ ይሠሩ ነበር። በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ መርሕ አለ፤ ትምህርቱም ምርምሩም በሽታው ባለበት ቦታ ይተከል የሚል። ይህን መርሕ አደራ ብዬ ወደ ሌላው ዓለም ልሻገር።

ሴሎፎን፣ መንትዮችና ወንፊት

ደንቢያ በንዳድ ስትጎዳ፣ በሌላው ዓለም ሦስት ሥራዎች ተሠርተው ወይም እየተሠሩ ነበር። የዛሬው የኩላሊት ሳይንስ ከሦስቱም ይወርሳል።

የመጀመሪያው የቪለም ኮልፍ ሥራ ነው። ይህ ሆላንዳዊ ሐኪም በ1943፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ፣ በካምፐን ከተማ የመጀመሪያውን የኩላሊት እጥበት መሣሪያ ሠራ። የሥጋ ቋሊማ የሚጠቀለልበትን የሴሎፎን ቱቦ ከእንጨት በተሠራ ከበሮ ላይ ጠምጥሞ፣ የሕመምተኛው ደም በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ ከበሮውን በጨው ውኃ ገንዳ ውስጥ ያሽከረክረው ነበር። በደም ውስጥ የተከማቸው ቆሻሻ በሴሎፎኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሾልኮ ወደ ውኃው ይወጣል። በመጀመሪያ የታከሙት ሕሙማን አብዛኞቹ ሞቱ። በ1945 ግን ኩላሊታቸው ድንገት ቆሞ ራሳቸውን ስተው የነበሩ አንዲት የ67 ዓመት ሴት ነቅተው ዳኑ። ኮልፍ አዲስ መድኃኒት አላገኘም፤ ያገኘው ለሥራው የሚስማማ ቁስ ነው።

ሁለተኛው በቦስተን የተደረገው ንቅለ ተከላ ነው። በታኅሣሥ 1954 ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ የአንዱን መንትያ ኩላሊት ለወንድሙ ተከሉለት። መንትዮቹ ከአንድ እንቁላል የተገኙ ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አላየውም። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ኩላሊት ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል፤ መሰናክሉ የባዕድነት ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ያነሰ ዝና ያለው፣ ለዛሬው ርእሳችን ግን ከሁሉም የቀረበው ነው። ክሊፎርድ ግሮብስታይን የተባለ አሜሪካዊ የፅንስ ተመራማሪ፣ ልክ ደንቢያ በንዳድ በተመታችበት በ1953፣ ከአይጥ ፅንስ የተወሰዱ ሁለት ኅብረ ሕዋሳትን በስስ ወንፊት ለይቶ ማሳደጉን አሳተመ። በተከታዮቹ ዓመታት ባደረጋቸው ሙከራዎች ከወንፊቱ በአንዱ ወገን ገና ቅርጽ ያልያዘውን የኩላሊት ጅማሬ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከአከርካሪ የተወሰደ ኅብረ ሕዋስ አኖረ። የኩላሊቱ ጅማሬ ብቻውን ሲተው ምንም አልሆነም። በወንፊቱ ማዶ ጎረቤት ሲያገኝ ግን ቱቦዎችን ማበጀት ጀመረ። ኩላሊት በትእዛዝ የሚሠራ ሳይሆን በጉርብትና የሚበቅል መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ዘሩ

ከግሮብስታይን በኋላ ጥያቄው ለብዙ ዓመታት በአይጥ ፅንስ ላይ ተወስኖ ቆየ፤ የሰው ዘር አልነበረምና። ዘሩ የተገኘው በሦስት እርምጃ ነው። በ1981 ከአይጥ ፅንስ ግንድ ሕዋስ ተለይቶ ወጣ። በ1998 ጄምስ ቶምሰን ከሰው ፅንስ ይህንኑ አደረገ። ፅንስን መጠቀም ግን ከባድ የሥነ ምግባር ክርክር አስነሣ። በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው ሕዋስ ላይ ሺንያ ያማናካ ክርክሩን ያለዘበ መንገድ አገኘ። አራት ዘረ መሎችን በማስገባት የጎልማሳን ሰው ተራ የቆዳ ሕዋስ ወደ መነሻ ጠባዩ መለሰው። ይህ ሕዋስ ወደ ልብም፣ ወደ ነርቭም፣ ወደ ኩላሊትም ሊያድግ የሚችል ነው። ያማናካ በ2012 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሕዋሱን በፅንስ ውስጥ በሚጓዝበት ጎዳና መምራት ነበር። በ2014 በጃፓን ኩማሞቶ የሪዩይቺ ኒሺናካሙራ ቡድን፣ በ2015 ደግሞ በሜልበርን የሜሊሳ ሊትል ቡድን፣ በቦስተን የጆሴፍ ቦንቬንትሬ ቡድንና በሲያትል የቤንጃሚን ፍሪድማን ሥራ ይህን ጎዳና በየራሳቸው መንገድ ከፈቱ። የሜልበርኑን ብናይ፣ ሕዋሳቱ በመጀመሪያ ለአንድ ሳምንት በጠፍጣፋ ሳህን ላይ በተመረጡ የዕድገት ምልክቶች ይመራሉ። ከዚያ ተሰብስበው እንደ ትንሽ እንክብል ይደረጉና በስስ ወንፊት ላይ ይቀመጣሉ፤ ከታች ምግባቸውን ያገኛሉ፣ ከላይ አየር ያገኛሉ። ከሦስት ሳምንት ባነሰ ተጨማሪ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆን ኅብረ ሕዋስ ይገኛል። በውስጡ ደም የሚያጣራው ክፍል፣ ቅርቡና ሩቁ ቱቦ፣ የደም ሥር ሕዋሳት ጅማሬም አለ። ይህ ኦርጋኖይድ ይባላል። የግሮብስታይን ወንፊት ከስልሳ ዓመት በኋላ እንደገና ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

መደቡ

የደንቢያ ገበሬ የበርበሬ ዘሩን በቀጥታ በማሳ አይበትንም። በመጀመሪያ አፈሩ የለሰለሰ፣ ፍግ የገባበት፣ ጥላ የተደረገለት መደብ ያዘጋጃል፤ ችግኙ ሲጠነክር ነው ወደ ማሳ የሚዛወረው። የዘሩ ጥራት መደቡን አይተካም። የኦርጋኖይድ ሳይንስም ያለፉትን ዓመታት በአብዛኛው ያሳለፈው ይህንኑ በመማር ነው። የሕዋስ መደብ የሚሆኑት ቁሶች ባዮማቴሪያል ይባላሉ።

ለብዙ ዓመታት በየላቦራቶሪው ሲሠራበት የኖረው መደብ ማትሪጀል ነው። ይህ ጭቃ መሰል ነገር የሚገኘው ከአይጥ ዕጢ ነው፤ ሕዋሳት በተፈጥሮ የሚያርፉበትን ንጣፍ ፕሮቲኖች በብዛት ይዟል። ሕዋሳት ይወዱታል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። ምንጩ የእንስሳ ዕጢ በመሆኑ በውስጡ ያለው ሁሉ ተለይቶ አይታወቅም፤ አንዱ ምርትም ከሌላው ይለያያል። በዚህ ላይ የበቀለን ነገር ለሰው ሕክምና ማሰብ ከባድ ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ንጥረ ነገሩ የታወቀ፣ ልስላሴው የሚለካ መደብ መፈለግ ጀመሩ። በ2019 በባርሴሎና የኑሪያ ሞንሰራት ቡድን ኦርጋኖይዱ በጣም ለስላሳ በሆነ ሃይድሮጀል ላይ ሲያርፍ ዕድገቱ እንደሚፋጠን አሳየ። ያው ቡድን ኦርጋኖይዱን በዶሮ እንቁላል ውስጥ ባለው የደም ሥር ሽፋን ላይ ተክሎ ከዶሮው ፅንስ የደም ሥር እንዲገባለት አድርጓል። በማስትሪኽት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከባሕር አረም በሚገኘው አልጂኔት የተሠራ ሃይድሮጀል ሞክረዋል። በዚያው በ2019 በቦስተን አካባቢ የተደረገ ሌላ ሥራ ደግሞ በኦርጋኖይዱ ላይ ፈሳሽ ያለማቋረጥ እንዲፈስ ቢደረግ የደም ሥሮቹ እንደሚበዙና ቱቦዎቹ የበለጠ እንደሚበስሉ አረጋገጠ። ኩላሊት የወራጅ ውኃ ልጅ ነው፤ ረግቶ በቆመ ነገር ውስጥ አይጎለምስም።

መደቡ ዝም ብሎ የተቀመጠ ወለል አለመሆኑን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው በ2017 የታተመው የፍሪድማን ቡድን ሥራ ነው። ኩላሊትን በውኃ ከረጢት የሚሞላውን በዘር የሚተላለፍ በሽታ በኦርጋኖይድ ሲያጠኑ፣ የተበላሸው ዘረ መል ያለበት ኦርጋኖይድ በሳህኑ ላይ ተጣብቆ ሳለ ከረጢት የሚያበጀው ከስንት አንዴ ነበር። ከሳህኑ አላቅቀው በፈሳሽ ውስጥ ሲያንሳፍፉት ግን ከረጢቶቹ በብዛት ወጡ። ዘረ መሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መደቡ ነው። በሽታ የዘርና የመደብ ስምምነት ውጤት እንደሆነ ይህ ሙከራ በዓይን አሳይቷል።

ተስፋው የሚቆምበት ድንበር

ተማሪዎቼ በየዓመቱ «ታዲያ መቼ ይተከላል?» ይሉኛል። መልሱ በቁጥር ይሻላል። የአንድ ሰው ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ኔፍሮን አለው፤ ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ኦርጋኖይድ ያሉት ኔፍሮኖች ግን ቢበዛ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብስለቱም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ካለ የፅንስ ኩላሊት አይበልጥም። ሽንት የሚወጣበት መውጫ የለውም። ከኩላሊት ውጭ የሆኑ ሕዋሳትም ይቀላቀሉበታል። በላቦራቶሪ የበቀለ ኩላሊት ተተክሎለት ከእጥበት የተገላገለ ሰው እስካሁን የለም። ስለዚህ «የግንድ ሕዋስ ሕክምና አለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ ይህን ቁጥር የሚያውቅ ተማሪ ለጎረቤቱ ሊነግርለት ይገባል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የሚጠብቁ ሰዎች ስላሉ ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው፤ ለጋሾቹም በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። ዘመድ ያልተገኘለት ወይም ዘመዱ ያልተስማማለት በእጥበት ይቆያል። እጥበት በተለመደው ሥርዓት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው። ከኮላ ድባ ጎንደር ለሚመላለስ ገበሬ ይህ ማለት የመጓጓዣ ወጪ፣ የአስታማሚ የሥራ ቀን፣ በመጨረሻም የበሬው ሽያጭ ነው። ፎቶግራፉ በመኪና ላይ ተለጥፎ በድምፅ ማጉያ ገንዘብ የሚለመንለትን ወጣት በየከተማችን ሁላችንም አይተናል። የእርሱን ተስፋ ላልደረሰ ነገር ማስያዝ ግፍ ነው።

የማን ሕዋስ፣ የማን ጥያቄ?

እንግዲህ ኦርጋኖይድ ዛሬ ለእኛ ምን ይሠራል? መልሱን የሚያሳይ፣ እኛኑ የሚመለከት እውነተኛ ታሪክ አለ።

ለረጅም ጊዜ በአሜሪካ ኤች አይ ቪ ያለባቸው አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ኩላሊታቸው በከፍተኛ ቁጥር ሲጎዳ ይታይ ነበር፤ «ጥቁርነት» ራሱ እንደ ምክንያት ይነገር ነበር። በ2006 በእስራኤል የታተመ ጥናት ግን ኤች አይ ቪ ባለባቸው 338 ኢትዮጵያውያን ላይ ይህ ዓይነቱ የኩላሊት በሽታ እንዳልተገኘ አስታወቀ። በ2010 ምክንያቱ ታወቀ። አፖል-1 የተባለው ዘረ መል ሁለት ልዩ ቅጂዎች አሉት። ቅጂዎቹ የእንቅልፍ በሽታን ተውሳክ ለመከላከል ስለሚረዱ በምዕራብ አፍሪካ ተስፋፍተዋል፤ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ ግን ለኩላሊት አደጋ ይሆናሉ። በዚያ ዓመት ከታተሙት ጥናቶች አንዱ ከ12 የአፍሪካ ሕዝቦች የተገኙ የ676 ሰዎችን ናሙና መረመረ፤ ከእነርሱም 304ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አደገኞቹ ቅጂዎች በኢትዮጵያውያኑ ናሙና አልተገኙም። ጥናቱን ከጻፉት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ ይገኙበታል።

በኋላ የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች ይህንኑ ዘረ መል በኦርጋኖይድ ውስጥ አጠኑት። ሰውነት ከቫይረስ ጋር ሲዋጋ የሚያመነጨው ኢንተርፌሮን የአፖል-1ን ምርት ከፍ እንደሚያደርግና ጉዳቱም በዚያ መንገድ እንደሚመጣ ፍንጭ አገኙ። የኦርጋኖይድ ትክክለኛ ጥቅም ይህ ነው። ሊተከል የማይችለው ኅብረ ሕዋስ ሊጠየቅ ግን ይችላል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እወስዳለሁ። አንደኛ፣ አፍሪካ አንድ ሕዝብ አይደለችም፤ የሌላ ሰው ሕዋስ ስለ እኛ ኩላሊት የሚሰጠው ምስክርነት ሙሉ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያውያን ናሙና የዓለምን የተሳሳተ አስተሳሰብ ለማረም በቅቷል፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው መጀመሪያ የተነሣው በሌላ አገር በነበረ በሽታ ምክንያት ነው። የራሳችንን ጥያቄ ገና አልጠየቅንም።

የራሳችን ጥያቄ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደንቢያና ከአካባቢው ደጋ ወደ መተማና ሁመራ ለሥራ የሚወርደው ወጣት ብዙ ጊዜ ካላዛር ይዞ ይመለሳል። በጎንደር የሚታከመው በአንቲሞኒ መድኃኒት፣ በፓሮሞማይሲን ወይም በአምፎተሪሲን ነው። ሦስቱም ሐኪሙ የሕመምተኛውን ኩላሊት እየተከታተለ የሚሰጣቸው መድኃኒቶች ናቸው። ኦርጋኖይዶች ጄንታማይሲንንና ሲስፕላቲንን የመሳሰሉ ኩላሊት የሚጎዱ መድኃኒቶች ሲነኳቸው የሚለካ ጉዳት እንደሚያሳዩ ከ2015 ጀምሮ ታይቷል። ከፈቃደኛ ኢትዮጵያውያን ከተወሰደ ደም የተገኘ የግንድ ሕዋስ ቢኖረን፣ የትኛው መድኃኒት በየትኛው መጠን የትኛውን ቱቦ እንደሚጎዳ እዚሁ ልንጠይቀው እንችላለን። የወባ ጥያቄም አልተዘጋም፤ የፈረሰ ደም ሄሞግሎቢን በሰው የኩላሊት ቱቦ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሰው ኅብረ ሕዋስ ላይ ማጥናት ይቻላል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መደብ ደግሞ ሃይድሮጀል ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ የማይሞቅ የፈሳሽ ናይትሮጅን ማከማቻ ያስፈልጋል። ሰጪው በሚገባው በአማርኛ የተጻፈ፣ «ሕዋስህ ከአንተ ሞት በኋላም ሊኖር፣ ወደ ሌላ አገርም ሊላክ ይችላል» ብሎ በግልጽ የሚነግረው የስምምነት ቅጽ ያስፈልጋል። ከሕዋሱ የሚገኘው ጥቅም ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚወስን ደንብ ያስፈልጋል። ሕዋስን በየቀኑ፣ እሑድንም ጨምሮ፣ የሚመግብ የሠለጠነ ወጣት ያስፈልጋል። እነዚህ ሳይዘጋጁ ውድ ማይክሮስኮፕ መግዛት ባልታረሰ መሬት ላይ ዘር መበተን ነው። እነዚህ ከተዘጋጁ ግን በአነስተኛ ሥራ መጀመር ይቻላል።

የ1954ቱ ሰዎች ወደ ጎንደር የመጡት እዚህ የተሟላ ላቦራቶሪ ስለነበረ አልነበረም። በደንቢያ ሰው እያለቀ ስለነበረ ነው። መጀመሪያ በሽታውን አዩ፤ ከዚያ ተቋሙን ተከሉ። የኩላሊት ኦርጋኖይድን ወደ አገራችን ስናስገባም ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ አደራ እላለሁ። በጥያቄ ጊዜ ከተማሪዎቻችን የምጠብቀውም አንድ ነገር ነው፤ ከምትሠሩበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አልጋ ተነሥታችሁ፣ ይህች ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ኅብረ ሕዋስ ልትመልስላችሁ የምትፈልጉትን አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ አቅርቡልኝ።